ደኑ አለ፣ እንቁራሪቱ የለም። እንዴት ነው ነገሩ?

ጭቃ_ረጋጭ (ክሩን የጀመረ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ኮስታሪካ ውስጥ ሞንቴቬርዴ የሚባል ተራራ ላይ ወርቃማ ጉርጥ የሚሉት ነበረ፣ ወንዱ ከራስ እስከ እግሩ ብርቱካናማ፣ ፎቶውን ስታዩት የልጆች ፕላስቲክ መጫወቻ ነው የሚመስለው። በዓለም ላይ የነበረው እዛች ተራራ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ ጥቂት ስኩዌር ኪሎሜትር። በ1987 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ዝናቡ ሲገባ ከ1,500 በላይ የሚሆኑት ኩሬ ዳር ተሰብስበው ታዩ። በ1988 አስር ምናምን። በ1989 አንድ ወንድ፣ ብቻውን። ከዛ በኋላ ያየው የለም፣ በ2004 ጠፍቷል ተብሎ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ ቦታው ጥብቅ ደን ነው። የተቆረጠ ዛፍ የለ፣ የታረሰ መሬት የለ። እኔ እስከዛሬ እንስሳ የሚጠፋው ደን ሲመነጠር ወይ ሲታደን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጥበቃ ቆሞለት በሁለት ዓመት እንዴት ብን ብሎ ይጠፋል? የገባው ሰው ያስረዳኝ፣ ግን በናታችሁ እንደ ቴክስትቡክ አታድርጉብኝ።

ማይክሮስኮፕ_ናፋቂ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ጭቃዬ። እንዲህ ቶሎ ለጠፉት ለአብዛኞቹ መልሱ ፈንገስ ነው። ኪትሪድ ይሉታል። አውስትራሊያና ፓናማ ውስጥ ከሞቱ እንቁራሪቶች ቆዳ ላይ ተገኝቶ በ1998 ይፋ ሆነ፣ በ1999 ሳይንሳዊ ስም ወጣለት። ከዛ በፊት ሰዎቹ ወንዝ ለወንዝ ሬሳ እየለቀሙ ምን እንደገደላቸው ግራ ገብቷቸው ነበር።

አገዳደሉን ለመረዳት መጀመሪያ የእንቁራሪት ቆዳ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብህ። የኛ ቆዳ ልብስ ነው በቃ። የሷ ግን አፍም ነው ሳምባም ነው። ውሃ በአፏ አትጠጣም፣ በሆዷና በጭኗ ቆዳ ነው የምትመጠው፣ አየርም ታስገባበታለች፣ ሶዲየምና ፖታሲየምም የምታስተካክለው በሱ ነው። ፈንገሱ ደግሞ ሄዶ የሚሰፍረው ልክ እዛው የላይኛው ቆዳ ውስጥ ነው። ሲበዛባት ቆዳው ይወፍራል፣ ይላላጣል፣ ጨው ማስተላለፍ ያቅተዋል፣ ደሟ ውስጥ ያለው ጨው እየወረደ ይሄድና በመጨረሻ ልቧ ቀጥ ይላል። ቁስል የለ፣ ደም የለ። እግሯን ዘርግታ በተቀመጠችበት ነው የምትቀረው።

የፈንገሱ ዘር ጭራ ስላለው ውሃ ውስጥ ይዋኛል፣ በወንዝ በጭቃ በጫማ ይጓዛል። በጣም የሚመቸው ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ነው፣ 30 ሲጠጋ አይችልም። አሁን ካርታ ዘርጋና ከትሮፒክ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ 20 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ቦታ ፈልግ፣ የምታገኘው ተራራ ነው። በሌላ የትም የማይገኙ፣ አንድ ሸንተረር ላይ ብቻ የሚኖሩ ዝርያዎች የታጨቁት ደግሞ የት ነው? እዛው። ሁለቱ አንድ ቤት ተገናኙ ማለት ነው።

በ2019 የወጣ ጥናት በዚህ ፈንገስ ምክንያት 501 ዝርያ እንደተመናመነ፣ ከነሱ ውስጥ 90ው ጨርሰው ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ቆጥሯል። በአንድ በሽታ! መነሻው ምስራቅ እስያ መሆኑ በ2018 በዘረመል ታይቷል፣ ያዳረሰው ደግሞ የእንስሳት ንግድ ነው። አጥርህ ላምና ሰው ይከለክላል፣ ይሄን አይከለክልም።

ሰርተህ_ብላ፦
ይቅርታ ግን ለእንቁራሪት ድንኳን ልንጥል ነው እንዴ ሃሃሃ። ሰው መከራውን እያየ ባለበት ዘመን ማታ ማታ ከመንጫጫት ሌላ ምን የረባ ነገር ሰርታ ነው? በቅንነት ነው የምጠይቀው፣ እንዳትሰድቡኝ።

የኩሬ_ዳር_ልጅ፦
አንሰድብህም ወንድሜ፣ ጥያቄህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፣ አፍ አውጥተህ ስላልከው ጥሩ አረግክ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፣ ወባ። ኮስታሪካና ፓናማ ውስጥ ፈንገሱ በየወረዳው መቼ እንደገባ በዓመት በዓመቱ ተመዝግቧል። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ያንን ከወባ መዝገብ ጋር አስተያየው፣ እንቁራሪቶቹ ካለቁ በኋላ የወባ በሽተኛ ቁጥር ወጣ፣ ለበርካታ ዓመታትም ሳይወርድ ቆየ፣ በከፋው ጊዜ በዓመት ከ1,000 ሰው ወደ አንድ የሚጠጋ ተጨማሪ ታማሚ ማለት ነው። ነገሩ ውስብስብ አይደለም፣ ግልገሎቹም ትልልቆቹም ትንኝና የትንኝ እጭ ይቀንሳሉ፣ እነሱ ሲሄዱ ለትንኝ ሰርግና ምላሽ ነው።

ሌላው ኤል ኮፔ፣ ፓናማ። እዛ የሚሰሩት ካረን ሊፕስና ባልደረቦቿ ፈንገሱ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ እየተጓዘ እንደሆነ ስላዩ ሳይደርስ ቀድመው ሄደው መቁጠር ጀመሩ። በ2004 ደረሰ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወንዙ ጸጥ አለ። ከዛ ምን ሆነ መሰለህ፣ እባቦቹም ተመናመኑ! የዝርያቸው ብዛት ወረደ፣ ከቀሩትም ብዙዎቹ ከስተው ነበር። በሽታው እባብን አይነካም እኮ፣ ራት ነው ያጡት። ወንዙ ድንጋይ ላይ ያለው አረንጓዴ አልጌ ደግሞ ሚበላው ግልገል ስለጠፋ ወፈረ።

ሰርተህ_ብላ፦
እሺ ወባው ገብቶኛል። እባቡን ግን ባትመልሱልኝም ደስ ይለኛል።

ዳመና_ቆጣሪ፦
እዚህ ክር ላይ አንድ ነገር መስተካከል አለበት ብዬ ነው፣ ማይክሮስኮፕ ያለው ሁሉ ልክ ነው ግን የሞንቴቬርዴውን ጉርጥ በቀጥታ ለፈንገሱ መስጠት ያከራክራል። በ1986 እና 87 ኤል ኒኞ ነበር፣ ተራራው ከወትሮው በጣም ደረቀ፣ እነሱ የሚራቡበት ኩሬ ደግሞ የዛፍ ስር መሃል የሚጠራቀም ትንሽ ውሃ ነው፣ ገና እንቁላሉ ሳይፈለፈል ይደርቃል። አንዳንዶች ድርቁ ነው የጨረሰው ይላሉ፣ አንዳንዶች ድርቁ የቀረችው እርጥብ ቦታ ላይ አጨናነቃቸውና ፈንገሱ ባንዴ አዳረሳቸው ይላሉ። ሬሳ ስላልተገኘ ማንም አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም።

እኔ ሚገርመኝ ግን ክርክሩ ራሱ አይደለም። ዝርያው በሙሉ ጥቂት ኪሎሜትር ላይ ከሆነ ገዳዩ ማንም ይሁን ማን አንድ መጥፎ ዓመት ይበቃዋል። ሰፊ አገር ላይ ያለ እንስሳ እዚህ ሲሞት እዛ ይተርፋል። እሱ ግን "እዛ" የሚባል ነገር የለውም።

ባትሪ_በግንባሬ፦
እኔ ስለ ሞንቴቬርዴ አላውቅም፣ ስለ ባሌ ግን ትንሽ አውቃለሁ። ሀረና ደን ውስጥ የሌሊት ቆጠራ ላይ ሁለት ሳምንት ረዳት ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ረዳት ማለት እቃ ተሸካሚ ማለት ነው ለማያውቅ። መጀመሪያ ቀን ወንዝ ሳንገባ ጫማችሁን እጠቡ ተባልን። በብሩሽ ጭቃውን ፈግፍገን፣ ከዛ በረኪና ባለበት ባልዲ ነክረን። ሊገባ ነው እኮ ጭቃ ውስጥ! ሳቅኩኝ፣ የሳቅኩት ደግሞ ሰውየው ፊት ነው፣ ዝም ብሎ አየኝና ብሩሹን አቀበለኝ።

ስራው እንዲህ ነው። ማታ በግንባር ባትሪ ወንዙን ሽቅብ ትወጣለህ፣ ቀስ ብለህ፣ ዓይኗ ሲያበራ ታያታለህ። ከመያዝህ በፊት አዲስ ጓንት። ለእያንዳንዷ አዲስ ጓንት፣ ያለፈችውን በያዝክበት ሌላ መንካት የለም። ከዛ ጫፉ ጥጥ ያለው ቀጭን እንጨት አለ፣ ሆዷን አምስቴ፣ ጭኗን አምስቴ፣ የኋላ እግር ጣቶቿን መሃል አምስቴ ታሻታለህ፣ ጥጡ ትንሽዬ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፣ እሷ እዛው የተያዘችበት ድንጋይ ላይ ትመለሳለች። ሁለት ሜትር ወዲያ አይደለም፣ እዛው ድንጋይ ላይ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እጅህ በብርድ አልታዘዝ እያለ ጓንት ስትቀይር ነው ሳይንስ ምን ማለት እንደሆነ ሚገባህ።

እና ለምን እንደዛ ይጠነቀቃሉ? ከኢትዮጵያ አምፊቢያኖች 40 ከመቶ ገደማው ሌላ የትም አገር የሉም። ባሌ ላይ ካሉት ደግሞ አንዳንዶቹ ባሌ ላይ ብቻ። ፈጣን ወንዝ ዳር ያለችው ባሌንሲስ የሚሏት ትንሽዬ እንቁራሪት፣ ሀረና ውስጥ ግንድ ስር ምትገኘው ክብ ሆና አፍንጫዋ የተደፈጠጠው፣ ሁለቱም የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ዝርያዎች በሚሰፍሩበት ዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ላይ በጣም ከባዱ የአደጋ እርከን ላይ ናቸው። ከፍ ስትል ሳሩ ላይ ማልኮልሚ የምትባል ትንሽ ጉርጥ አለች፣ እሷ ኩሬ አትፈልግም፣ እንቁላሏን እርጥብ ሳርና ሙዝ ውስጥ ነው ምትጥለው፣ ብዙ እናቶች አንድ ላይ። ከብት አንዴ ቢረግጠው የስንቷ ልጅ እንደሚያልቅ አስቡት። ኦስጉዲ የምትባለዋ ዘመዷ ደግሞ ከ2003 ወዲህ ታየች ሲባል አልሰማሁም።

ፈንገሱስ? አለ። በ2012 የወጣ ጥናት በደጋው ኢትዮጵያ በብዙ ቦታ፣ በብዙ ዝርያ ላይ አግኝቶታል። ከዛ ላይ ደግሞ ልቅ ግጦሽ፣ የማገዶ ቆረጣ፣ ሰፈራ። ማለቴ እዚህ ጋ "ደኑ አለ" ራሱ በግማሽ ነው እውነት።

ጭቃ_ረጋጭ፦
@ባትሪ_በግንባሬ ይሄን ለብቻው ክር አድርገው እባክህ። ሙዝ ስትል ግን ሚበላውን መስሎኝ ግራ ገባኝ ሃሃ

ባትሪ_በግንባሬ፦
ሃሃሃ ኧረ አይደለም፣ ድንጋይና ዛፍ ላይ ሚያድገው አረንጓዴ ምንጣፍ ነገር፣ ሞስ ማለቴ ነው፣ ስልኬ ነው ያበላሸው።

ውሃ_ልክ፦
እኔ የውሃ ኢንጂነር ነኝ፣ በእድሜም ከአብዛኞቻችሁ እበልጣለሁ መሰለኝ፣ ስለዚህ የኛን ሙያ ኃጢአት እኔው ልናገር። ታንዛኒያ ውስጥ ኪሃንሲ የሚባል ገደል አለ፣ ፏፏቴ አለው፣ ፏፏቴው ሲወርድ የሚረጨው ካፊያ ቀን ከሌት የሚያረጥበው ትንሽ ሳር ሜዳ አለ። በ1996 እዛ ካፊያ ውስጥ አውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቢጫ ጉርጥ ተገኘች። እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን ጉርጥ አድርጋ ነው የምትወልደው፣ የትንኝ ያህል። በዓለም ላይ ያላት ርስት ሁለት ሄክታር ገደማ ነበር፣ ሁለት ሄክታር!

ስትገኝ ግድቡ እየተሰራ ነው። በ2000 ተርባይኑ ሲነሳ ከወንዙ ውሃ 90 ከመቶው ወደ ቱቦ ገባ፣ ፏፏቴው ክር መሰለ፣ ካፊያው ቆመ። ያኔ ነው ሩጫው የመጣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። 499 ጉርጥ ተለቅሞ አሜሪካ መካነ አራዊት ሄደ፣ ገደሉ ላይ ደግሞ ሰው ሰራሽ ካፊያ ተዘረጋ፣ በተራራ ዳገት ላይ የቧንቧና የመርጫ መስመር ማለት ነው፣ እንደ ኢንጂነር ካየኸው በእውነት ቆንጆ ስራ ነው። ቁጥራቸው መለስ ብሎ ነበር፣ ከዛ በ2003 ተንኮታኮተ፣ ሲመረመር ያው ኪትሪድ ተገኘ። በ2009 በዱር ጠፍቷል ተባለ። በ2012 ግን መካነ አራዊት የተወለዱት ልጆቻቸው ወደ ገደሉ ተመለሱ።

መርጫው እስከዛሬ ይሰራል፣ መስራትም አለበት። ማለትም ያ ዝርያ አሁን የሚኖረው በቧንቧ ጥገና ነው።

የደጋ_ብርድ፦
ጋሼ ልክ ብለዋል፣ ግን እንደኔ ይሄ መካነ አራዊት ውስጥ ማኖር የሚባለው ነገር ራስን ማታለል ነው። ፓናማ ላይም ወርቃማዋን እንቁራሪት እንደዛው ነው ያደረጉት፣ ያቺ በአገሩ የእድል ምልክት የሆነችው፣ ወንዝ ጩኸት ስለሚያሸንፋት እጇን እያወዛወዘች ምትግባባዋ። ዱር ውስጥ ከ2009 ወዲህ የታየች የለችም፣ ብርጭቆ ሳጥን ውስጥ ግን በመቶዎች አሉ። ፈንገሱ ወንዙ ውስጥ እያለ የት ልትመልሳት ነው? ለሙዚየም ነው ምታረባት።

ማይክሮስኮፕ_ናፋቂ፦
አልስማማም። ሳጥኑ መድኃኒት አይደለም፣ ጊዜ መግዣ ነው። ጊዜውስ ምን ያመጣል ካልክ፣ በ2018 ፓናማ ላይ የተሰራ ጥናት አንዳንድ ዝርያዎች እየተመለሱ መሆኑን አሳይቷል፣ ፈንገሱ አልደከመም፣ እነሱ ናቸው የጠነከሩት፣ ቆዳቸው የሚያመነጨው ፈሳሽ ከድሮዎቹ በተሻለ ፈንገሱን ይከላከላል። ከ1989 ወዲህ ሳይታይ ቆይቶ እንደጠፋ የተቆጠረው ረጅም አፍንጫው አርለኪን እንቁራሪት ደግሞ በ2016 ኢኳዶር ውስጥ ተገኘ። ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥካት ከሌለች ግን የምትጠብቀው ነገር የለም።

አውስትራሊያኖቹ ደግሞ በ2024 አንድ ያሳቀኝ ነገር አወጡ፣ ሳውና! ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብሎኬት ጥቁር ቀለም ቀብተህ ትንሽዬ ግሪንሀውስ ውስጥ ትደረድራለህ፣ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ እንቁራሪቶቹ ራሳቸው ሄደው ቀዳዳው ውስጥ ይወሸቃሉ፣ ፈንገሱ ሙቀቱን አይችልም፣ ይድናሉ። ከዛ በላይ ደግሞ አንዴ የዳኑት ድጋሚ ሲጋለጡ በደንብ ይቋቋማሉ።

ዳመና_ቆጣሪ፦
ሳውናው ለቆላ ዝርያ ይሰራል። 3,000 ሜትር ላይ ብርድ ለምዳ የምትኖረዋን 30 ዲግሪ ውስጥ ብትከታት ፈንገሱ ቀድሞ ይሙት እሷ ትቅደም እንጃ።

የደጋ_ብርድ፦
ወደ ባሌ ልመልሳችሁና፣ እንቁራሪቱ ብቻ አይደለም። ቀይ ቀበሮን ተመልከቱ። በዓለም ላይ 500 አይሞሉም፣ አብዛኞቹ ባሌ። አይጥ በላ ነው፣ አይጦቹ ያሉት ደጋው ላይ፣ ደጋው ዙሪያውን በእርሻ የተከበበ ደሴት። የሚገድለው ምንድነው? ጥይት አይደለም፣ የውሻ በሽታ ነው። በ1991፣ በ2003፣ በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ መንጋ መንጋውን ጨርሷል። ልክ የእንቁራሪቷ ታሪክ ነው፣ ጠባብ ቦታ፣ ከውጪ የመጣ በሽታ፣ መሸሻ የለም። ልዩነቱ ለሱ ክትባት አለ፣ ለውሾቹም ለራሱም በስጋ ውስጥ ተደርጎ ይሰጣል። ለእንቁራሪት ማን መርፌ ይወጋል። ባሌ በ2023 ዩኔስኮ ላይ ሲመዘገብ ሁሉም የቀበሮ ፎቶ ለጠፈ፣ የእንቁራሪት የለጠፈ አላየሁም።

የኩሬ_ዳር_ልጅ፦
እሱ እኮ ነው የሚያናድደኝ። በ2023 የወጣው ግምገማ 8,000 ገደማ አምፊቢያን አይቶ 41 ከመቶው የመጥፋት አደጋ ላይ ነው አለ። አጥቢዎች 26 አካባቢ ናቸው፣ ወፎች 12 ምናምን። ከአከርካሪ አጥንት ካላቸው የምድር እንስሳት በጣም የተጎዱት እነሱ ናቸው፣ ፖስተር ላይ ግን ሁሌ ዝሆን።

ሰርተህ_ብላ፦
እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች ሲባል አልሰማሽም እንዴ ሃሃሃ

የኩሬ_ዳር_ልጅ፦
ሃሃሃ ጎልያድ የሚሏትን ካሜሩን ሄደህ እያት፣ ከ3 ኪሎ በላይ ትመዝናለች፣ ወንዝ ዳር ድንጋይ እየገፋች ለልጆቿ ኩሬ ትሰራለች። የዛች ችግሯ ደግሞ ፈንገስ ሳይሆን ስጋዋ መጣፈጡ ነው፣ ይበሏታል። መስታወቷን እንቁራሪት ደግሞ ውበቷ፣ ሆዷ ወለል ብሎ ልቧ ሲመታ ስለሚታይ ለቤት እንስሳነት ይሸጧታል፣ በ2022 ነው ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱን ቁጥጥር ውስጥ ያስገባው። ሁሉም የየራሱ ገዳይ አለው።

ጭቃ_ረጋጭ፦
በጣም ነው ማመሰግነው ሁላችሁንም። አሁን አንድ ተግባራዊ ጥያቄ፣ በሚቀጥለው ወር ከጓደኞቼ ጋር ተራራ ልንወጣ ነው፣ ወንዝ እንሻገራለን። ቅድም የተባለውን የበረኪና ነገር እኛም ማድረግ አለብን ወይስ እሱ ለተመራማሪ ነው?

ባትሪ_በግንባሬ፦
አድርጉ። ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፣ መጀመሪያ በብሩሽ ጭቃውን በደንብ አስለቅቁ፣ ስፌቱ ውስጥ ያለውን ሳይቀር፣ ምክንያቱም በረኪና ጭቃ ላይ ጉልበት ያጣል። ከዛ ንከሩት፣ ከዛ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ፣ ድርቀት ራሱ ይገድለዋል። ይሄን የምታደርጉት ከቤት ሳትወጡና ስትመለሱ ነው እንጂ ወንዙ ዳር አይደለም፣ የተጠቀማችሁበትን በረኪና ወንዝ ውስጥ ከደፋችሁ እንቁራሪቷን ከፈንገሱ አድናችሁ ራሳችሁ ገደላችኋት ማለት ነው። እንቁራሪት ካያችሁ ደግሞ አትንኩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ድምጿን ቅዱ፣ ቦታውን ጻፉ።

ጭቃ_ረጋጭ፦
እሺ። ብሩሽ ልገዛ ነው እንግዲህ፣ ስሜንም መቀየር ሳይኖርብኝ አይቀርም።